ሽልማቱ እስኪያልፍ

ሮውሌት፣ ቴክሳስ
ጥቅምት 2001 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እታለም፣ እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽን ተሻለሽ ወይ? ልጆቹስ? ባለቤትሽስ? የሸዋ በር ጎረቤቶቻችንስ እንዴት ናቸው? አባባስ? ይህን ሁሉ የምደረድረው ለወጉ አይደለም። ድሮ ለወጉ ነበር፤ ጤናችሁን ጠይቄ መልሱን ሳልጠብቅ ወደ ጉዳዬ እገባ ነበር። ዛሬ እያንዳንዱን የምጠይቀው መልስ ፈልጌ ነውና ስታነቢ አትዝለዪው። እኔ በአካል ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ነጃትም ልጆቻችንም ደህና ናቸው። ከዚህ ያለፈውን ከታች ታገኚዋለሽ።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ሀሩን ነው፣ ኤርፖርት ታክሲ ስነዳ አብሮኝ ይነዳ የነበረው የኮምቦልቻ ልጅ። ለወንድሙ ሠርግ ስለሚመጣ በእጁ ሰጥቼዋለሁ። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትዪ ይሆናል። በስልክ ስጠይቅሽ መልሱን ቶሎ ትዪዋለሽ፤ ከጥያቄዬ በፊት ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ነው የሚመስለው። ደግሞም ወደናንተ ስደውል ነጃት ከአጠገቤ አትጠፋም፤ የማወራውን እየሰማች ፊቴን ታያለች። ወረቀት ይሻላል ብዬ ነው።

በቅድሚያ የደስታውን ወሬ ልንገርሽ፣ ደስታ ከሆነ። በመጪው ወር እንደገና ልሸለም ነው። ባለፈው ግንቦት የሸለመኝ የሰሜን ቴክሳሶቹ ማኅበር ነበር፤ አሁን ደግሞ የመላው ቴክሳስ የካንትሪ ሙዚቃ ሰዎች የዓመቱ የዘፈን ደራሲ ብለው መርጠውኛል። ዳላስ ውስጥ ትልቅ አዳራሽ ተይዟል። ጋዜጣ ላይ ወጥቻለሁ። የደሴው ልብስ ሰፊ ልጅ፣ ካውቦይ ቆብ ካደረጉ ሰዎች መሀል። ሌላ ሰው ቢሆን እልል ያሰኛል። እኔን ግን ካለፈው ሳምንት ወዲህ እንቅልፍ ነስቶኛል፣ ምግብ አልበላ ብሎኛል። ምክንያቱን ለመንገር ወደ ግንቦት መመለስ አለብኝ። አንቺ የምታውቂው ግማሹን ነው። ሌላውን ግማሽ ማንም አያውቀውም፣ ነጃትም ጭምር።

እዚህ ያለው የኛ ሰው ሥራዬን በምን ዓይን እንደሚያየው ጽፌልሽ አላውቅም፤ አፍሬ ነው። ታክሲውን ትቼ ጋራዤን ስቱዲዮ ሳደርገው፣ ግድግዳውን በስፖንጅና በአሮጌ ምንጣፍ ለብጄ ከዴንተን የሚመጡ የዩኒቨርሲቲ ልጆችን መቅዳት ስጀምር፣ ሁሉም የሆነ ነገር ነካው ብሎ ነበር። ትርንጎ የምትባል ጎረቤት አለችን፣ የጎንደር ልጅ፣ የእድራችን ፀሐፊ፣ ምላሷ ማንንም የማይምር። የኔን ሙዚቃ «የከብት ዘፈን» ነው የምትለው። አንድ ቀን መኪናዋ ውስጥ ሆነን ሬዲዮው የኔን ዘፈን ሲጀምር «ሶ፣ ይሄን ላሞቹ ሲሰሙ ወተቱ ይጨምራል ማለት ነው? ኦኬ፣ እኔ ላም አይደለሁም» ብላ ጣቢያውን ቀየረችው። ሐጂ ፈክረዲን ደግሞ፣ የዳላስ ወሎዬ ሁሉ አባት ማለት ናቸው፣ በጨዋነት ነው የሚያልፉኝ። ሲያገኙኝ «ሥራው እንዴት ነው?» ይሉኛል፤ የቱ ሥራ እንደሆነ ግን ስሙን አይጠሩትም።

አሜሪካኖቹ ናቸው የወደዱልኝ። ኬሊ የምትባል የዴንተን ልጅ የዘፈነችውን ያን ዘፈን እኔ ጻፍኩት፣ እኔ አቀናበርኩት፣ እኔው ጋራዥ ውስጥ ቀዳሁት። የምን ዘፈን እንደሆነ ታውቂያለሽ። የአሜሪካ ሎተሪ ደርሶኝ የወጣሁ ዕለት አንቺም በሩ ላይ ነበርሽ። መኪናው ቆሞ ይጠብቃል፣ ሰው ሁሉ ያለቅሳል። እማዬ ግን አንድ ጊዜ አንገቴን አቅፋ «ወተት ጥጃለሁ፣ ሊገነፍልብኝ ነው» ብላ ወደ ውስጥ ገባች። በዚያው ቀረች። ከልጇ ወተቱ በለጠባት ብዬ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን እስክንጨርስ ድረስ ተናድጄባት ነበር። ትዝ ያለኝ ኮምቦልቻ ስንገባ ነው። ላም አልነበረንም። ቤታችን ወተት የሚገባው ሰው ሲታመም ብቻ ነበር፤ ያን ቀን ደግሞ የታመመ ሰው አልነበረም።

ይህን ለኬሊ ስነግራት የስቱዲዮው ወለል ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ካንትሪ ሙዚቃ ማለት እንዲህ ያለ ነገር ነው እታለም፤ የፈረስና የቢራ ነገር ብቻ አይደለም። አንድ ሰው ከፍቅሩ የተነሳ በር ላይ የዋሸውን ትወስጃለሽ፣ ስንኞቹ ላይ ውሸቱን እንዳለ ታስቀምጪዋለሽ፣ አዝማቹ ላይ እውነቱን ታወጪዋለሽ። «እናቴ ወተት ጥጃለሁ አለች፣ እኛ ግን ላም አልነበረንም» ነው አዝማቹ። ቴክሳስ ላይ ላም አልነበረንም ስትያቸው በመጀመሪያ ይስቃሉ። ከዚያ ነገሩ ይገባቸውና ዝም ይላሉ። ሥራዬ እሱ ነው፣ ከሳቁ እስከ ዝምታው ያለውን መመጠን።

አባባ ይህን ሲሰማ «እናትህን ለፈረንጅ አዘፈንካት?» ብሎ እንደጮኸብኝ ታስታውሻለሽ። እማዬ ከኋላው ስትስቅ ይሰማኝ ነበር። አባባ ሳይቆጣኝ ስልክ ዘግቶ አያውቅም። ዘፈን ሥራ ነው ወይ ይላል፣ ጋራዥ ለመኪና ነው ይላል፣ ጢምህን ለምን ላጨኸው ይላል። ሁሉን ካለ በኋላ ነው የሚመርቀኝ።

እንግዲህ በሁለት ዘርፍ ታጭቻለሁ ተባለ፣ በዘፈን ድርሰትና በፕሮዲዩሰርነት። ማኅበሩ አንድ ጠረጴዛ ሰጠኝ፣ የፈለግሁትን ሰው እንዳስቀምጥበት። ለኛ ሰዎች የነገርኩት እንዲያው ለአፍ ያህል ነበር፤ የዴንተን ልጆችን ላስቀምጥ አስቤ ነበር። ከዚያ ዝግጅቱ አንድ ሳምንት ሲቀረው ስልኬ ይጮህ ጀመር። ሐጂ ፈክረዲን ራሳቸው ደውለው «ልጄ፣ ከጠረጴዛህ ላይ ለኔ ቦታ ይኖራል?» አሉኝ። ትርንጎ «ማለቴ፣ ምንድን ነው የሚለበሰው? ቡትስ ግዴታ ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ደግሞ ዘፈኑን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ላዳምጠው ብላ ሲዲውን ወሰደች። ጠረጴዛው ሞላ።

እታለም፣ የዚያን ሳምንት ደስታዬን ለማንም አልተናገርኩም፣ ላንቺ ልንገርሽ። ከአሜሪካኖቹ ሽልማት የሐጂ ፈክረዲን ስልክ በልጦብኝ ነበር። ስንት ዓመት በነሱ መሀል እንደ ሰነፍ ልጅ ኖሬ፣ በመጨረሻ ሰው ብለው ሊያዩኝ ነው አልኩ። ቤት ውስጥ እያፏጨሁ ነበር የምዞረው። ነጃት ሳፏጭ ስትሰማ ከክፍሉ ትወጣለች፤ ልብ አላልኩም። የጆሮ ወርቋን አውልቃ ነበር፤ አየሁት፣ ግን አልጠየቅኋትም። ለበዓሉ ጥቁር ቀሚስ ስታወጣ «ምነው ጥቁር?» ብላት «ፈረንጅ ለእንደዚህ ዓይነት ቦታ ጥቁር ነው የሚለብሰው» አለችኝ። አንቺ ጋ ደውዬ እማዬን ስጠይቅሽ ዳና ለዚያራ፣ ዱዓ ልታደርግ ሄዳለች፣ እዚያ ስልክ አይሰራም አልሽኝ። ድምፅሽ ጎርንኖ ነበር። ጉንፋን ነው አልሽ። የደሴን ብርድ ስለማውቅ አመንኩሽ፤ ጭራሽ ዝንጅብል ጠጪበት ብዬሽ ነበር።

ዝግጅቱ እሑድ ከሰዓት ነበር፣ ፎርት ዎርዝ፣ ከድሮው የከብት ገበያ አጠገብ። ሐጂ ፈክረዲን የልጃቸውን ቫን ይዘው መጥተው ቤቴ በር ላይ ፓርክ አደረጉ። የመኪናዬን ቁልፍ ከእጄ ወስደው «ዛሬ ሙሽራ ነህ፣ ሙሽራ አይነዳም» አሉኝ። መንገድ ላይ ደግሞ መድረክ ላይ ሆኜ እንዳይጮህብኝ ብለው ስልኬን ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱት። ሰማንያ ዓመት የተጠጉ ሰው ለኔ ሾፌር ሆኑልኝ ብዬ ልቤ ሊፈነዳ ነበር።

አዳራሹን ብታዪው! ሰው ሁሉ ቆቡን አጥልቆ፣ ቀበቶው ላይ የስኒ ማስቀመጫ የሚያህል ዘለበት አድርጎ። ከነዚያ መሀል የኛ ጠረጴዛ፤ ሱፍና ሒጃብ፣ ቀጥ ብለው ተደርድረዋል። በጭስ የታጠነ ሥጋ ቀረበ። ነጃትና ሐጂ ፈክረዲን አልነኩትም፤ ሐላል ስላልሆነ ነው አልኩ። ትርንጎ ግን ክርስቲያን ናት፣ ፋሲካ አልፎ ጾም የለም፣ ሥጋ ደግሞ ነፍሷ ነው። ሹካውን አነሳችና መልሳ አስቀመጠችው። ያመማት መስሎኝ ውሃ ቀዳሁላት።

በመጀመሪያ የተጠራው የዘፈን ድርሰቱ ነው። ስሜን ሰማሁ፣ ተነሳሁ፣ ወጣሁ። የተጻፈ ንግግር ነበረኝ፤ ትቼው የእማዬን ታሪክ ነገርኳቸው። መኪናውን፣ በሩን፣ ወተቱን። «ላም አልነበረንም» ስል አዳራሹ ሳቀ፣ ከዚያ እንደለመደው ዝም አለ። እኔም ሞቅ ብሎኝ ቀጠልኩ። እናቴ አሁን ስልክ የማይደርስበት የተባረከ ቦታ ሄዳ እየጸለየችልኝ ነው አልኩ። ስትመለስ ሁሉንም እነግራታለሁ፣ በመጪው ዓመት ኢንሻ አላህ አመጣትና የናንተን ላሞች አንድ በአንድ አሳያታለሁ አልኩ። ሕዝቡ እየሳቀ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። የኔዎቹም ቆመው እንደሆነ ለማየት ወደ ጠረጴዛችን ዞርኩ።

ማንም አልቆመም። ትርንጎ አፏን በናፕኪን አፍናለች፣ ትከሻዋ ይርገፈገፋል። ሐጂ ፈክረዲን አንገታቸውን ደፍተው መዳፋቸውን ዘርግተዋል፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ነጃት እኔን እያየች ራሷን ትነቀንቃለች፣ ሳይታወቃት፣ ዝም በል እንደምትል። እኛ ለደስታ ስናለቅስ እንዴት እንደምናለቅስ አላጣውም። ያ ለቅሶ የደስታ አልነበረም። ጆሮዋ ባዶ የሆነው፣ ጥቁሩ ቀሚስ፣ ያንቺ ጉንፋን፣ የተወሰደው ስልክ፣ የመኪናው ቁልፍ፣ ያልተበላው ሥጋ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣብኝ። መርዶ ያለበትን ሰው መኪና አያስነዱትም። እኔ ራሴ ለስንቱ ሰው ቁልፍ ወስጃለሁ።

እማዬ ለናንተ የሞተችው ሌላ ቀን ነው። ለኔ የሞተችው ፎርት ዎርዝ ውስጥ፣ ማይክራፎን ፊት፣ ሰው እያጨበጨበ ነው። አንቺ የማታውቂው ይህን ነው። ሁላችሁም በማግሥቱ የተረዳሁ ይመስላችኋል።

መጮህ ነበረብኝ። አፌ ተከፍቶ ነበር። ግን ሐጂ ፈክረዲን ቀና ብለው አዩኝና በዚያ ባረጀ ፊታቸው ሊስቁልኝ ሞከሩ። ያን ሙከራቸውን ሳይ አፌን ዘጋሁ። አመሰግናለሁ፣ አላህ ይባርካችሁ ብዬ ወረድኩ። ተራ በተራ አቀፉኝ፣ እንኳን ደስ ያለህ አሉኝ፣ አሜን አልኩ። ተቀመጥኩ። ነጃት በጠረጴዛው ሥር እጄን ያዘችኝ። እጇ በረዶ ነበር። አላወቀም ብላ ነው የያዘችኝ፣ እኔም ያላወቅሁ ሆኜ ጨበጥኳት።

ከዚያ ደግሞ የፕሮዲዩሰርነቱ ተራ ደረሰና ስሜ እንደገና ተጠራ። ሌላ ሰው ቢያሸንፍ ብዬ ያን ያህል የተመኘሁበት ጊዜ የለም። እንደገና ወጣሁ፣ እንደገና ሳቅሁ፣ ኬሊን አመሰገንኩ፣ የዴንተን ልጆችን አመሰገንኩ፣ ጋራዤን ሳይቀር አመሰገንኩ። በክረምት የላክሁላችሁ ሁለት ፎቶዎች የዚያን ዕለት ናቸው። ሳሎን ሰቅለሻቸዋል አሉ። ሁለቱም ላይ እስቃለሁ። በአንደኛው ላይ እናት ያለኝ ሰው ነኝ፣ በሁለተኛው የለኝም። ለመለየት ከፈለግሽ እጄን እዪ፤ በሁለተኛው ሽልማቱን የያዝኩት በሁለት እጄ ነው፣ እንዳይወድቅብኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ሱብሒ ሰግጄ እንደጨረስኩ መኪኖች አንድ በአንድ መጥተው በራችን ላይ ሲቆሙ ሰማሁ። በሮቻቸውን ቀስ አድርገው ነው የዘጉት። ተነስቼ ከበሩ ኋላ ቆምኩ። ማንኳኳታቸውን መጠበቅ ነበረብኝ፤ ቀድሜ ብከፍት ማወቄ ይታወቃል። ደወሉን ለመደወል እንዴት እንደዘገዩ! ማን ይደውል እየተባባሉ ሲያንሾካሹኩ ይሰማኛል። በመጨረሻ ተደወለ፣ ትንሽ ጠበቅሁና ከፈትኩ። ሐጂ ፈክረዲን ከፊት፣ ወንዶቹ ከኋላቸው፣ ሴቶቹ ሣሩ ላይ። ልክ በዚያን ሰዓት ጎረቤቴ ጋዜጣውን ሊያነሳ ወጣ፣ ደግ ሽማግሌ ቴክሳሳዊ ነው። ያ ሁሉ ሰው ለእንኳን ደስ ያለህ የመጣ መስሎት ጋዜጣውን እያውለበለበ መጣ፤ ፎቶዬ አለበት። የሁሉንም እጅ ዞሮ ጨበጠ። ሐጂ ፈክረዲንም ጨብጠው አመሰገኑት። ለኔ ደግሞ «ወገኖችህ ኮርተውብሃል» ብሎ ትከሻዬን መታ አድርጎኝ ሄደ። እሱ በሩን እስኪዘጋ ሁላችንም ቆመን ጠበቅን።

ከዚያ ሐጂ ፈክረዲን እጄን ይዘው «ልጄ፣ ወንድ ሁን፣ እናትህ ቀድመውሃል» አሉኝ።

ጮህኩ። ለቅሶዬ እውነት ነበር፣ ወላሂ። ድንጋጤዬን ግን ለነሱ ስል ነው ያመጣሁት። ሰው በእናቱ ሞት እንዴት እንደሚደነግጥ አስቤ፣ እጄን ራሴ ላይ አድርጌ፣ ጉልበቴን አጥፌ። ሳለቅስ ራሴን እያየሁ ነበር። ያን ነገር ለራሴ ይቅር ማለት አቅቶኛል፤ ለእናቴ የማለቅሰውን የመጀመሪያ ለቅሶ እንደ ዘፈን መጠንኩት።

ለምን ትዪኝ ይሆናል። ከሦስቱ የለቅሶ ቀናት በአንዱ ሐጂ ፈክረዲን ከአጠገቤ ተቀምጠው፣ ትንሽ ደስም እያላቸው፣ «ሽልማቱ እስኪያልፍ ብለን ተመካከርን፣ ደስታህን ሳናበላሽ አሳለፍንልህ» አሉኝ። አላሳለፋችሁልኝም ልበላቸው? ትርንጎ ስንት ቀን ሆድ ሆዷን እየበላት እንደከረመች፣ ነጃት መታጠቢያ ቤት ገብታ ውሃ ከፍታ እንደምታለቅስ ሰማሁ። ያን ሁሉ የተሸከሙት ለኔ ነው። አንቺም በስልክ ይቅር በለን ስትዪኝ አብሽሪ አልኩሽ። ሁለቱን ሽልማቶች ነጃት የጠረጴዛ ልብስ አልብሳቸው ነበር፤ ለቀስተኛው ምን እንደሆኑ ሳያውቅ የሻይ ብርጭቆ ያስቀምጥባቸው ነበር።

ወጉን አልጠላውም እታለም። እኔም በሰው በር ላይ በጎህ ቆሜአለሁ። ግን ከዚያ ወዲህ ደግ ሰው እፈራለሁ። አንድ ሰው ሲያመሰግነኝ ማን ሞተ እላለሁ። ያ ጠረጴዛ ለኔ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ ለቅሶ ነበር የተቀመጡት፣ ጊዜው እስኪደርስ። የኛ ሰው ሥራዬን አክብሮ መጣ ብዬ የተደሰትኩባት አንዲት ሳምንት እንኳ የኔ አልነበረችም። ስቱዲዮዬን ዘግቻለሁ። ኬሊ ትመጣለች፣ ጊታሯን ይዛ ደጅ ትቀመጣለች፣ ትሄዳለች። አዝማች መጻፍ አቃተኝ፤ እውነቱን ማውጣት ያስፈራኛል። መኪና ውስጥ ሬዲዮ ስከፍት ያ ዘፈን ይመጣል፣ እማዬ ወተት ጥጃለሁ ትላለች። ትርንጎ እንዳደረገችው ጣቢያውን ልቀይረው እጄን እዘረጋና እተወዋለሁ፤ ብቀይረው ወደ ውስጥ የምትገባ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ዛሬው ልመለስ። የአሁኑ ሽልማት ዜና የመጣ ዕለት ትርንጎ ሰምታ «ላሟ እንደገና ተሸለመች? ኦኬ፣ በዚህ ዓይነት የቴክሳስ ገዥ ልትሆን ነው» ብላ ሳቀችብኝ። ስትስቅብኝ ደስ አለኝ፤ ሁሉም ደህና ነው ማለት ነው ብዬ። ሐጂ ፈክረዲንም ያው ሥራው እንዴት ነው አሉ፣ አለፉ። በዒድ ስደውል አባባ ቀረበና ነገርኩት። «ዒድን የሚያህል ቀን ዘፈን ታወራለህ?» ብሎ ጮኸብኝ። ከዚያ አሳለ፣ ከዚያ መረቀኝ። ሁሉም በቦታው ነበር።

ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ግን ነገሩ ተለወጠ። ትርንጎ ምግብ ሠርታ መጣች፣ ተቀመጠች፣ ዘፈንህ እኮ ልብ ይነካል አለችኝ። ሳትቀልድ። ዓይኔን እንኳ አላየችም። በነጋታው ሐጂ ፈክረዲን ደውለው ዝግጅቱ መቼ እንደሆነ ጠየቁኝ፣ ማን እንደሚነዳልኝም ጠየቁኝ። ነጃት ጆሮዋ ባዶ ነው። አባባን አገናኙኝ ስል አንድ ቀን መስጊድ ነው፣ አንድ ቀን ተኝቷል፣ አንድ ቀን ጆሮው ስለደከመ በስልክ አይሰማም ትዪኛለሽ። ቅዳሜ ዕለት ደግሞ አንቺው ራስሽ «አባባ በሽልማትህ በጣም ኮርቷል፣ ልጄ ስሜን አስጠራው ብሏል» አልሽኝ።

እታለም፣ አባባ? የኛ አባባ? ከመቼ ወዲህ?

ስልኩን ዘግቼ ነጃትን ፊት ለፊት አየኋትና «አባባ ደህና ነው?» አልኳት። «ሩዝ ጥጃለሁ፣ እንዳያርብኝ» ብላ ተነስታ ወደ ኩሽና ገባች። ትንሽ ቆይቼ ተከተልኳት። ምድጃው ላይ ምንም አልተጣደም። ጀርባዋን ሰጥታኝ ግድግዳውን ይዛ ቆማለች። ሳታየኝ ተመለስኩና ቴሌቪዥን ከፈትኩ።

ስለዚህ የምለምንሽ አንድ ነገር ነው፤ በእማዬ አፈር ይሁንብሽ። ሽልማቱ እስኪያልፍ አትጠብቁ። ደውዪና ንገሪኝ። መኪና ውስጥም ልሁን፣ ብቻዬንም ልሁን፣ ሽማግሌም አይኑር፣ ንገሪኝ። ጭብጨባ መሀል ሰው ሁለት ጊዜ ወላጁን ማጣት አይችልም። አባባ ካለ ደግሞ ስልኩን ስጪውና ይቆጣኝ። ዘፋኝ ብሎ ይስደበኝ፣ ጢሜን ያንሳብኝ። መናገር ካቃተው ያስል፤ ሳሉን ከሺህ ሰው ሳል እለየዋለሁ። ከዚያች ሳል ውጭ ከማንም የምፈልገው ሽልማት የለኝም።

አንቺ ግን ደህና ነው፣ ተኝቷል ካልሽኝ ይገባኛል፣ ዳግመኛም አልጠይቅሽም። ግንቦት ላይ ያደረግሁትን አደርጋለሁ። ሐጂ ፈክረዲን ይነዱልኛል፣ ስልኬን እሰጣቸዋለሁ፣ ወጥቼ ስለ ወተቱ አወራለሁ፣ ሰው ይስቃል። ወደ ጠረጴዛችን አላይም። በማግሥቱ ከበሩ ኋላ ቆሜ ደወሉን እጠብቃለሁ። ሁላችሁም ለኔ ብላችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። ለኔ ብሎ ዋሽቶኝ የማያውቅ ሰው በዚህ ዓለም ላይ የነበረኝ አባባ ብቻ ነው፤ እሱን እንኳ በአፉ ኮራሁ አስባላችሁት።

ደክሞኛል፣ እዚህ ላይ ልተወው። አላህ ልጆችሽን ያሳድግልሽ፣ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ቤትሽን ከክፉ ይጠብቅልሽ። እማዬን በጀነት ያኑርልን። ጎረቤቶቹን በያሉበት ሰላም በይልኝ፤ ሀሩንን ራት ሳይበላ አትስደጂው።

ለአባባም ሰላምታዬን አድርሺልኝ። የት እንደምታደርሺለት አንቺ ታውቂያለሽ።

ታናሽ ወንድምሽ